ከዘመድ ርቆ ቤት ስለ መሥራት

ሰው አባቱንና እናቱን ትቶ ከሚስቱ ጋራ እንዲኖር መጽሐፍ ያዛል፤ ይኸው መጽሐፍ ደግሞ አባትና እናትን ማክበርን ያዛል። በአንድ አጥቢያ ለሚኖሩ ሰዎች እነዚህ ሁለት ትእዛዞች አይጋጩም። ልጅ ጎጆ ቢወጣ የጎጆው ጢስ ከአባቱ ደጅ ይታያል፤ ምራት ስትወልድ አማት ገንፎውን ታገነፋለች፤ አባት ቢታመም ልጁ በሬውን ፈትቶ ይደርሳል። ትቶ መሄድና ማክበር በአንድ ቀን ሊፈጸሙ ይችላሉ። ነገር ግን ጎጆው ከአባት ቤት እጅግ የራቀ እንደ ሆነ ሁለቱ ትእዛዞች ፊት ለፊት ይተያያሉ፤ ወጣቶቹ ባልና ሚስትም አንዱን ሲፈጽሙ ሌላውን ያፈረሱ እየመሰላቸው ይኖራሉ። ይህ ነገር በምዕራብ ጎንደር ቆላ ጎልቶ ይታያል።

ከጎንደር በአዘዞና በጭልጋ በኩል ወደ ምዕራብ የሚወርደው መንገድ ገንዳ ውሃ በደረሰ ጊዜ የደጋው ነፋስ ወደ ኋላ ቀርቷል። ከዚያም ኮኪትን አልፎ መተማ ዮሐንስ ይገባል፤ ከፈፋው ማዶ ያለችው ጋላባት የሱዳን ናት። በመጋቢትና በሚያዝያ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል፤ አፈሩ ጥቁር መረሬ ነው፤ ሰሊጥ፥ ማሽላና ጥጥ ያበቅላል። የደጋ ሰው ይህን አገር በንዳዱ ምክንያት ለብዙ ዘመን ሲፈራው ኖሯል። በ1995 ዓ.ም. ግን መንግሥት ባወጣው የሰፈራ ዕቅድ መሠረት፥ መሬት ያነሳቸውና ዝናም የከዳቸው ገበሬዎች በፈቃዳቸው በየክልላቸው ውስጥ ሰው ወዳልበዛበት ስፍራ እንዲሄዱ ተደረገ፤ በአማራ ክልል መተማና ቋራ ሰፋሪ ከተቀበሉት ወረዳዎች ነበሩ። በመላው አገር በ3 ዓመት ውስጥ 440,000 አባወራዎችን ማስፈር ታስቦ ነበር። ለአንድ አባወራ እስከ 2 ሄክታር መሬትና የመጀመሪያዎቹን ወራት የሚያሻግር ቀለብ ይሰጠው ዘንድ ተወሰነ። ከእነዚህም ሌላ ማንም ሳያሰፍራቸው ለሰሊጥ አጨዳ በቀን ሠራተኛነት መጥተው፥ ትዳር ይዘው በዚያው የቀሩ ብዙዎች ናቸው።

በዚያ ዕቅድ ውስጥ ብዙ የማይነገርለት አንድ ቃል ነበረ። ሰፋሪው አዲሱን አገር ያልወደደው እንደ ሆነ እንዲመለስ፥ በትውልድ ቀዬው የነበረው መሬት እስከ 3 ዓመት ድረስ በስሙ ይቆይለት ዘንድ ተፈቅዶ ነበር። ፍርዱ የሚነቀፍ አይደለም፤ ሰውን ወደማያውቀው አገር ሰድዶ የኋላውን በር ወዲያው መዝጋት ጭካኔ ነውና። ነገር ግን 3 ዓመት በሕግ የሚቈጠር ዘመን ነው፤ ልብ ግን እንዲህ አይቈጥርም። የመሬቱ ቀጠሮ ካለፈ በኋላ በልብ ውስጥ ያለው ቀጠሮ ሳይዘጋ ይቀራል። «ዘንድሮ ሰሊጡ ከያዘ እንመለሳለን» ይባላል፤ ሰሊጡ ሲይዝ ደግሞ «አንድ ዓመት ብንጨምር ጥሩ ቤት ይዘን እንመለሳለን» ይባላል። እንዲህ ሲሆን መጀመሪያ የታቀፉት ሕፃን ትምህርት ቤት ይገባል።

የእንዲህ ያለውን ቤተ ሰብ የዕለት ኑሮ ለመመልከት አጨዳ የሚደርስበትን ወራት መምረጥ ይሻላል። ሰሊጥ ዘግይቶ የመጣውን አጫጅ አይታገሥም፤ በደረሰ ጊዜ ጥቂት ቀን የቆዩበት እንደ ሆነ ፍሬው ተከፍቶ ዘሩ መሬት ላይ ይረግፋል፤ የዓመቱ ድካም በአንድ ሳምንት ይጠፋል። ስለዚህ በመስከረም መጨረሻና በጥቅምት በቤት የሚቀር ጉልበት የለም። በደጋ ቢሆን ኖሮ ሕፃኑን አያቱ ይዛው ትውል ነበር። በቆላ ግን እናቲቱ ወይ አዝላው በፀሐይ ታጭዳለች፥ ወይ ስሟን ብቻ ለምታውቃት ጎረቤት ሰጥታው ትሄዳለች። ማታ ስትመለስ የማሽላውን ሊጥ ትጋግራለች፤ እናቷ ያስተማረቻት የጤፍ እንጀራ እዚህ የበዓል እንጀራ ነው፥ የማሽላውን አነጋገር ደግሞ ከእናቷ አልተማረችም። ባልየው የታጨደውን ሰሊጥ ለመጠበቅ ከማሳው ዳር፥ ከግራር ሥር ያድራል።

በዚህ ስፍራ ትንሽ መቆየት ይገባል። በጥቁሩ አፈር ስንጥቅና በግራሩ ሥር የምትኖር እጅግ ትንሽ የአሸዋ ዝንብ አለች፤ በሌሊት ነክሳ ካላዛር የሚባለውን በሽታ ታመጣለች። ካላዛር ከወባ ጋራ ይመሳሰላል፤ ትኩሳቱ ግን ሳምንታት ቢያልፉም አይተውም፥ ሰውነት ይከሳል፥ ጣፊያም ያብጣል፤ ያልታከመውን ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል። ባልየው በታመመ ጊዜ እናቱ በስልክ ምን ትለዋለች? «ልጄ፥ ምች ነው፤ ዳማከሴ ይጭመቁልህ፥ ጸበልም ተጠመቅ» ትለዋለች። በፍቅር የተናገረችው ነው፤ በደጋ ቢሆን እውቀትም በሆነ። ነገር ግን እውቀቷ የአገሯ እውቀት ነውና ከአገሯ ጋራ በደጋ ቀርቷል። «ይህ ነገር ከሁለት ሳምንት አልፏል፤ ወባ ብቻ አይመስልም፥ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ውሰዱት» የምትለው ከአሥራ አምስት ዓመት በፊት ባሏ እንደዚሁ ታሞባት የነበረችው ጎረቤት ናት። ለዚህ ሕመም የተለየ ማከሚያ በጎንደር ሆስፒታል አለ። ጸበልም ቢሆን ከሐኪም አይከለክልም። እንግዲህ ልጁ እናቱን ያከበረ መስሎት የጎረቤቲቱን ምክር ቢንቅ ይሞታል፤ ማክበርና መታዘዝ አንድ ነገር እንዳልሆኑ ከዚህ ይታወቃል። አዋቂ እናትም ልጇ በሕይወት እንዲኖር እንጂ ቃሏ እንዲጸናላት አትሻም።

ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው ተረት ስለዚህ ነገር የተተረተ ይመስላል። ሆኖም ተረቱ የሚናገረው የእውነቱን ግማሽ ነው። ጎረቤት የተቀየመ እንደ ሆነ በሩን ይዘጋል፤ ነገሩም በዚያው ያልቃል። ወንድም ግን ቢቀየምም ወንድም ነው፤ ለዓመታት ሳይነጋገር ቢቆይ እንኳ ለቀብር ይመጣል፥ ባይመጣም አለመምጣቱ ይቈጠርበታል። ዝምድና ሳይመርጡት የሚገቡበት፥ ከገቡበትም በኋላ የማይወጡበት ዕዳ ነው። የሰፋሪው ችግር ደግ ሰው ማጣት አይደለም፤ በመተማ ደግ ሰው ሞልቷል። ያጣው ዕዳ ያለበትን ሰው ነው። ለእርሱ የሚደረግለት ሁሉ ችሮታ ነው፤ ችሮታ የሚቀበል ሰው ደግሞ ሁልጊዜ አንገቱን ደፍቶ ይኖራል።

ቤተ ክርስቲያን ይህን ችግር ከጥንት ጀምሮ ታውቀዋለች። ወንድ በ40 ቀኑ ሴት በ80 ቀኗ ስትጠመቅ፥ ሕፃኑን ከጥምቀተ ባሕሩ የሚቀበል ሰው የክርስትና አባት ይሆናል፤ ከወላጆቹም ጋራ አበ ልጅ ይባባላሉ። ይህ የአፍ ወዳጅነት አይደለም። ፍትሐ ነገሥት እንዲህ ባለው መንገድ የተዛመዱት እንዳይጋቡ ይከለክላል፤ የሚከለክለውም ዝምድናውን እንደ እውነተኛ ዝምድና ስለሚቈጥረው ነው። በደጋ ሳሉ ብዙዎች የክርስትና አባት የሚመርጡት ለክብር ነበር፤ ባለጠጋ ወይም ባለ ሥልጣን ይፈለግ ነበር። በቆላ ግን ነገሩ ወደ ጥንት ትርጉሙ ይመለሳል፤ እናትና አባት በድንገት ቢሞቱ ሕፃኑን በእውነት የሚያሳድገው ማን ነው ተብሎ ይመረጣል። በመረጡት ቀን ጎረቤትየው በፈቃዱ ገብቶ በፈቃዱ የማይወጣበትን ዕዳ ይቀበላል።

ጎረቤቲቱ ሙስሊም ብትሆንስ? በመተማ ይህ የሩቅ ጥያቄ አይደለም፤ ምጥ በያዛት ሌሊት መጀመሪያ የደረሰችው ሴት የክርስትና እናት ልትሆን አትችልምና። ሆኖም ጌታ ባልንጀራ ማን እንደ ሆነ በተጠየቀ ጊዜ ምሳሌ አድርጎ ያመጣው ከሌላ ተራራ የሚሰግደውን ሳምራዊ ነው። ለእርሷ የሚሆን የሥርዓት ስም ባይኖር እንኳ፥ ልጁ አድጎ በዓሏ በደረሰ ቀን ደጇን ሳይሳለም ቢያልፍ ወላጆቹ በደል ሠርተዋል።

ይህ ሁሉ ቢሆን የደጋው ዕዳ አይሰረዝም። ዛሬ በየማታው በስልክ መነጋገር፥ ገንዘብም መላክ ቀላል ሆኗል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው ዕዳውን የከፈለ ይመስለዋል። የሚልከው ገንዘብ አባቱን ያበላል፤ አባቱ ግን የሚሻው የልጅ ልጁን ማወቅ ነው። ልጁም የአያቱን ድምፅ ያውቃል እንጂ እጁን አያውቅም። ከዚህም የከፋ ነገር አለ። የአማራ ሰው ዘሩን እስከ ሰባት ቤት ይቈጥራል፤ ያላወቀ ሰው ዘመዱን እንዳያገባ ነው። ይህን ቈጠራ ልጅ የሚማረው በሠርግና በልቅሶ ቤት፥ «ይህ የእገሌ ልጅ ነው» ሲባል እየሰማ ነው። በቆላ ያደገ ልጅ የአባቱን ስምና የአያቱን ስም ያውቃል፤ ከዚያ በላይ ያለው ጨለማ ነው። እንግዲህ ወላጆቹ በጥር፥ ሰሊጡ ከተሸጠ በኋላ፥ ለጥምቀት በዓል ወደ አገራቸው የመሄጃ ዋጋ ሲበዛባቸው «ዘንድሮ ገንዘቡን እንላክና እንቅር» የሚሉት ለአባት የሚያመች ቢሆን፥ ለልጅ ግን ስርቆት ነው። ቃሉ የከበደ ይመስላል፤ ነገሩ ከቃሉ ይከብዳል።

ሌላው በደል በምድሪቱ ላይ የሚሠራው ነው። እንግዳ ነኝ የሚል ሰው ዛፍ አይተክልም። በዚህ ቆላ ዋልያ መቀር የሚባል የእጣን ዛፍ ይበቅላል፤ በበጋ ግንዱ ሲፋቅ የሚያወጣው ሙጫ በደጋ አብያተ ክርስቲያናት በጽና የሚጤሰው እጣን ነው። በመተማ ይህን ዛፍ የመረመሩ ሊቃውንት ያረጀው ሲሞት የሚተካው ወጣት ዛፍ እንዳላገኙ ጽፈዋል፤ ቡቃያው እሳትና ከብት ስለሚያጠፋው አድጎ ለግንድ አይበቃም። ጥፋቱ የሰፋሪ ብቻ አይደለም፤ ሰፊ እርሻ የያዙ ባለ ገንዘቦችም መንጥረዋል። ነገር ግን ለ3 ዓመት ብሎ የገባ ሰው ለሃምሳ ዓመት የሚሆን ዛፍ እንዲጠብቅ ማን ሊያሳምነው ይችላል? ነቢዩ ኤርምያስ በባቢሎን ለነበሩት ምርኮኞች በላከው ደብዳቤ ቤት እንዲሠሩ፥ አትክልት እንዲተክሉ፥ ለሚኖሩባትም ከተማ እንዲጸልዩ መክሯቸዋል፤ እነዚያ ወደ አገራቸው የመመለስ ተስፋ የተሰጣቸው ሰዎች ነበሩ። መመለስን ተስፋ ማድረግና መትከል አይከላከሉም ማለት ነው።

እንግዳነትም ለዘላለም አይቆይም። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት በተነሣ ጊዜ ብዙ ሺህ ሰዎች ሸሽተው በመተማ በር ገቡ። በዚያን ሰዓት ከደጋ የወረደው ገበሬ ለተሰደደው ሰው ባለ አገር ሆኖ ታየው፤ ሁለቱም ከመምጣታቸው በፊት ግን በዚያ ምድር ጉሙዞች ይኖሩ ነበር። ሰው በአንድ አገር ባለቤት የሚሆነው ውሃ ሲለምን ሳይሆን ውሃ ሲለመን ነው።

የመጨረሻው ጥያቄ የመቃብር ነው። ከተማይቱ የምትጠራበት ዐፄ ዮሐንስ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ከመሐዲስቶች ጋራ ሲዋጉ በመተማ ቈሰሉ፥ በቍስሉም ሞቱ፤ አስከሬናቸውን ይዞ ይመለስ የነበረው ወገን በመንገድ ተይዞ ራሳቸው ተቈርጦ ወደ ኦምዱርማን ተወሰደ። ንጉሠ ነገሥት የሆኑ ሰው ከዘመድ መቃብር ርቀው ቀሩ። ተራው ሰፋሪም ይህን ይፈራል፤ በዕድር የሚመዘገበው ስለዚህ ነው። ለብዙዎች ወደ ዕድር መግባት ከደጋው መሬት መለየት ማለት ነው፤ በዚህ አገር እንደሚሞት አምኖ ስሙን ያስጻፈ ሰው፥ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱን በድንጋይ መሠረት ይሠራል። አብርሃምም በከነዓን እንግዳ ሆኖ ሲኖር በገንዘቡ የገዛው የመጀመሪያው መሬት ሣራን የቀበረበት ዋሻ ነበር።

ስለ አባትና እናት ዕዳ ግን ከአብርሃም ይልቅ የልጅ ልጁ ታሪክ ይበልጥ ይናገራል። ያዕቆብ ልጁን ዮሴፍን እንዲመለስ አላስገደደውም፤ ራሱ ሸምግሎ ወደ ግብፅ ወረደ፥ በዚያም 17 ዓመት ከልጅ ልጆቹ ጋራ ኖረ። ሊሞት በቀረበ ጊዜ አብርሃም በገዛው ዋሻ እንዲቀብረው ዮሴፍን አስማለው። ዮሴፍም አስከሬኑን ይዞ ያን ሁሉ መንገድ ወጣ፥ እንደ ማለውም አባቱን ቀበረው። ከቀበረውም በኋላ ወደ ግብፅ ተመለሰ፤ ልጆቹ በዚያ ነበሩና።