ከሥር ያየ ሰው ዕዳ

አንድን ጥፋት ያላጠፋ ሰው፣ ጥፋቱን በዓይኑ በማየቱ ብቻ ባለዕዳ ሊሆን ይችላልን? ጥያቄው ለክርክር ያህል የተፈጠረ ይመስላል። ዳሩ ግን በየጋራዡ በር ላይ የሚነሣ፣ ኪስንም ኅሊናንም የሚነካ ጥያቄ ነው። ከፍ ተደርጎ የተሠራ አሮጌ ፒክ አፕ የገዛ ሰው ያውቀዋል።

ድንጋያማ መንገድ የሚመላለስ ሰው ሆዱ ከመሬት የራቀ መኪና ቢመኝ አይፈረድበትም። አስፋልት ለቅቆ የማያውቅ፣ ቁመናውን ብቻ ወዶ የሚያስረዝመውም አለ፤ እሱን ለራሱ እንተወው። ሥራው በወጉ ሲሠራ ባሌስትራው ልኩ በታወቀ ሌላ ባሌስትራ ይለወጣል፤ አሞርዛተሩ በዚያው መጠን ይረዝማል፤ የፍሬኑ ቱቦና የመሪው መገጣጠሚያዎች አንድ በአንድ ይታያሉ። ያለ ወጉ ሲሠራ ግን በባሌስትራውና በአክስሉ መካከል ብረት ይሸጎጣል። አንዱ አልበቃ ሲል ሌላ ይደረብበታል፤ እንዳይንሸራተት በብየዳ ይጣበቃል። ከፊት ደግሞ ቶርሽን ባር የሚባለው ጠማዛ ዘንግ ማስተካከያ ብሎኑ እስከ መጨረሻው ይጠብቅና አፍንጫው ቀና ይላል። ርካሽ ነው፤ ፈጥኖም ያልቃል።

መዘዙ የሚመጣው ቀስ እያለ ነው። ኃይልን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው ዘንግ ባልተሠራበት ማዕዘን ስለሚዞር ክሮቼራው ይበላል፣ መኪናው ይንቀጠቀጣል። አጭሩ አሞርዛተር ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር እስከ ጫፉ ተስቦ ይመታል። የስበት ማዕከሉ ከፍ በማለቱ መኪናው ኩርባ ላይ ለመገልበጥ የቀረበ ይሆናል። ከሁሉ የከፋው ግን ድምፅ የለውም። በብዙ ፒክ አፖች ላይ ከኋላ አክስል ወደ ሻሲው የምትያያዝ አንዲት ቀጭን ዘንግ አለች። ሥራዋ ጭነቱን ለፍሬኑ መናገር ነው። መኪናው ሲጫን ሻሲው ወደ አክስሉ ይጠጋል፤ ያን ጊዜ ለኋላ ጎማዎች የሚሄደው የፍሬን ግፊት ይጨምራል። ባዶ ሲሆን ይርቃል፤ ግፊቱም ይቀንሳል። መኪናው በብረት ሲረዝምና ዘንጓ ሳትስተካከል ስትቀር፣ እህል ሞልቶበት እንኳ «ባዶ ነኝ» እያለ ለገዛ ፍሬኑ ይዋሻል። ሾፌሩ ይህን የሚያውቀው ቁልቁለት ላይ፣ ያውም ካወቀው ነው።

አንድ ወዳጄ በደላላ አማካይነት እንዲህ ያለ መኪና ገዛ። ንዝረቱ ሲያስቸግረው ጋራዥ ወሰደው፤ መካኒኩ ከሥር ገብቶ አየና ወዳጄንም ጠርቶ አሳየው። በሁለቱም በኩል ድርብ ብረት፣ የተወጠረ የፍሬን ቱቦ። በትክክል ለመመለስ የሚጠይቀው ገንዘብ ቀላል አልነበረም። መካኒኩ ክፉ ሰው አይደለምና በቅንነት መከረው፤ «ጋሼ፣ ክሮቼራውን እንቀይርና ንዝረቱ ለጊዜው ይጠፋል፤ ከዚያ ይሽጡት። እርስዎስ እንዲሁ አይደል የገዙት?»

ምክሩ በቀላሉ የሚናቅ አይደለም። ከኋላው ያረጀ ፍልስፍና አለው። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ግዴታዎች በጻፈው መጽሐፍ እንከን ያለበትን ቤት ስለሚሸጥ ሰው የሁለት ፈላስፎችን ሙግት አቅርቧል። የባቢሎኑ ዲዮጋን (በማሰሮ ውስጥ ይኖር የነበረው ሌላው ነው) አለመናገር መደበቅ አይደለም፣ ገዢውም ዓይን አለው ባይ ነው። ደቀ መዝሙሩ አንቲፓትሮስ ግን መንገድ የጠፋውን ሰው እያዩ ዝም ከማለት ለይቶ አያየውም። ሲሴሮ የፈረደው ለደቀ መዝሙሩ ነው። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የእኛው የፍትሐ ብሔር ሕግም ሻጭ ለሸጠው ዕቃ እንከን ዋስ እንዲሆን ያስገድዳል።

እኔ ግን ሁለቱም ፈላስፎች አንድ ሰው የረሱ ይመስለኛል። ቤቱ ቢፈርስ በአብዛኛው የሚጎዳው የገዛው ነው። መኪና እንዲህ አይደለም። ወዳጄ ነውሩን አንድ በአንድ ዘርዝሮ፣ ዋጋውን ቀንሶ ቢሸጥና ገዢው «ግድ የለም» ቢል፣ ውሉ በሁለቱ መካከል ንጹሕ ነው። በመንገዱ ዳር የምታልፈው ሴት ግን በውሉ ላይ አልፈረመችም፤ ከቅናሹም የደረሳት ነገር የለም። ሕጉ ይህን አስተውሎታል፤ በአንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት፣ ሌላ ሰው ያለ ፈቃዱ ቢነዳው እንኳ መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። ሕጉ የሚይዘው በዚያ ቀን ባለቤት የሆነውን ነውና የሸጠ ሰው ከካሣው ሊያመልጥ ይችላል። ከእውቀቱ ግን ወዴት ያመልጣል?

«ያበላሸው ሌላ፣ የምከፍለው እኔ!» የሚለው ምሬት ትክክል ነው። በደል ደርሶበታል፤ የሸጠለትን ሰው ቢከስ መብቱ ነው። ነገር ግን ትናንት ማን አጠፋ የሚለውና ነገ ማን ይከለክላል የሚለው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ የመጀመሪያው መልስ ለሁለተኛው አይበቃም። ብረቱን የበየደው ሰው ምናልባት የዚያችን ዘንግ ሥራ አያውቅም ነበር፤ ደላላውም ከሥር አላየ ይሆናል። እያወቀ ሊያሳልፍ የሚችል የመጀመሪያው ሰው እንግዲህ ምንም ያላጠፋው ወዳጄ ነው ማለት ነው። ነገሩ ያንገበግባል።

ታዲያ ከሥር ባያይስ ኖሮ? ዓይንን መጨፈን ርካሹ ንጽሕና ነው፤ ብዙ ሰውም ይኖርበታል። ለወዳጄ ግን መኪናው ራሱ ተናግሮታል። በዚህ ምክንያት ከመካኒኩ ምክር ውስጥ እኔን ያስፈራኝ ከሽያጩ ይልቅ ክሮቼራው ነበር። ንዝረቱ የመኪናው ብቸኛ እውነተኛ ምስክር ነው። እሱን ዝም አሰኝቶ መሸጥ ከነንዝረቱ ከመሸጥ ይከፋል፤ ቀጣዩ ሰው እንዲጠረጥር የሚያደርገውን አንድ ምልክት እንኳ ይነጥቀዋልና።

ወዳጄ አሠራው። ብረቶቹ ወጡ፤ ደህና ባሌስትራ ሱማሌ ተራ ሁለት ቀን ተፈልጎ ተገኘ፤ የፊቱ ብሎን ወደ ልኩ ተመለሰ፤ ቱቦዎቹ ተቀየሩ፤ ያቺ ቀጭን ዘንግም ተስተካከለች። መኪናው አጠረ፤ የሠፈር ልጆች «ምን ነካው?» አሉት። ሌላ ጭቅጭቅ የተነሣው በአራቱ ብረቶች ላይ ነው። መካኒኩ «ለሌላ ሰው ይሆናሉ» ብሎ ጥግ አስቀምጧቸው ነበር። ወዳጄ ለቆራሌውም አልሰጥም አለ፤ እዚያው ፊቱ እንዲቆረጡ ጠየቀ። መካኒኩ «ብረት እኮ ነው ጋሼ፣ ምን አደረገ?» እያለ፣ እየሳቀም፣ የመቁረጫውን ጨምሮ አስከፈለው።