ሶምሶማ የሚሮጡበት ቀን

ጎህ ሊቀድ ሲል እንጦጦ ላይ የወጣ ሰው በባሕር ዛፉ መካከል አንዱ ከአንዱ ኋላ ተሰልፈው የሚሮጡ አትሌቶችን ያያል። ከባሕር ወለል 3,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። በመካከላቸው በትልልቅ ማራቶኖች የሚሮጥ አይጠፋም። ሩጫቸው ግን ዝግ ያለ ነው። ከፊት ያለው መንገድ ይመርጣል፣ የቀሩት እግሩን እያዩ ይከተሉታል። አንድ ጎበዝ የሠፈር ልጅ አልፏቸው ቢሄድ እንኳ ማንም አያሳድደውም። ቀኑ የሶምሶማ ቀን ነው። ከባዱ ልምምድ ነገ ነው፤ ኮሮኮንቹ ወይም አስፋልቱ ላይ ይጠብቃቸዋል።

የሰውነት አሠራር ይህን ልማድ ይደግፈዋል። ከባድ ሩጫ የጡንቻን ክሮች ይጎዳል፣ በጡንቻና በጉበት የተጠራቀመውንም ስንቅ ያሟጥጣል። የተጎዳው የሚጠገነውና ጠንክሮ የሚገነባው ሯጩ ሲያርፍ ነው፤ ለጥገናው የሚረዳው የእድገት ሆርሞን በብዛት የሚመነጨው እንቅልፉ ሲከብድ ነው። ከባዱን በከባድ ላይ የሚደራርብ ሯጭ ዋጋውን ይከፍላል። ጠዋት ሲነሳ የልቡ ምት ከወትሮው ይፈጥናል፣ እንቅልፍ እምቢ ይለዋል፣ በትንሽ በትልቁ ይነጫነጫል፣ የሚገባበት ሰዓትም እየዘገየ ይሄዳል። ሲብስበት ሩጫውን ራሱን ይጠላዋል።

ይህ ዕውቀት ከተራራው ወርዶ ከተማ ቢገባ ስንቱን ወጣት ባዳነ!

በጠዋት መገናኛ ላይ የታክሲ ሰልፍ የምትይዘው የባንክ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ ደንበኛ ስታስተናግድ ትውላለች፣ ሂሳብ እስኪዘጋ ታመሻለች፣ ከዚያ ወደ ማታ ትምህርቷ ትሮጣለች። ቤቷ ስትገባ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱ የቴሌግራም ግሩፕ ይጠብቃታል። ዋሽንግተን ያለው ወንድሟም ቀን ፓርኪንግ ውሎ ማታ ኡበር ይነዳል። «ትንሽ ልሥራና አርፋለሁ» ይላሉ ሁለቱም። ትንሿ ግን ዓመታት አስቆጥራለች። እንደነሱ ያለ ልጅ ያለበት ቤተሰብ ዛሬ ብዙ ነው።

እንዲህ ያለው የሥራ ዝለት በሥነ ልቦና መጽሔት ላይ ስም ካገኘ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፎታል። እ.ኤ.አ. በ1974 ኸርበርት ፍሮይደንበርገር የተባለ የኒውዮርክ የሥነ ልቦና ባለሙያ በነፃ ክሊኒኮች የሚያገለግሉ ሰዎች ላይ ያየውን ጻፈ። እሱም ራሱ በግል ሥራው ከዋለ በኋላ ማታ ማታ እዚያ ያገለግል ነበርና ዝለቱን በራሱ ላይ አይቶታል። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት በሙሉ ልባቸው የሚሠሩት መሆናቸውን ማስተዋሉ ለወጣቶች ትልቅ ትምህርት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 የሥራ ዝለትን ከበሽታ ሳይሆን ከሥራ ጋር ከተያያዙ ችግሮች መድቦ ሦስት ምልክቶች ሰጥቶታል፦ አቅም መሟጠጥ፣ ከሥራው በልብ መራቅና ማማረር፣ ውጤታማነት መቀነስ።

ጉዳቱ ልብ ድረስ ይዘልቃል። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት በ2021 ባወጡት ጥናት በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠሩ ሰዎች ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠሩት ጋር ሲነጻጸሩ በስትሮክ የመያዝ አደጋቸው በ35 በመቶ፣ በልብ የደም ሥር ሕመም የመሞት አደጋቸው በ17 በመቶ ይበልጣል።

የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ይህን ያሰበ ነው። መደበኛውን ሥራ በቀን በ8፣ በሳምንት በ48 ሰዓት ይገድባል። በሳምንት ያልተቋረጠ የ24 ሰዓት ዕረፍት፣ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ደግሞ 16 የሥራ ቀናት ፈቃድ ይሰጣል። ሥራው እስካልተቋረጠ ድረስ የዓመት ፈቃድን በገንዘብ መለወጥም ይከለክላል። ፈቃዱን ሳይወጣ ዓመት የሚያልፍበት ወጣት ይህን አንቀጽ ይወቀው።

ዕረፍት ከሰው ኋላ ያስቀረኛል ብሎ ለሚፈራ የደራርቱ ቱሉ ታሪክ አለለት። የአርሲዋ በቆጂ ልጅ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትርን አሸንፋ የኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሆነች። በ1996 አትላንታ ላይ አራተኛ ወጣች፤ በ1998 እናት ሆነች። ልጅ ማሳደግ ዕረፍት ነው የሚል እናት የለችም፤ ነገር ግን ከውድድር የራቀችበት ጊዜ አልጣላትም። በ2000 ሲድኒ ላይ ከባርሴሎናው 48 ሰከንድ ያህል ፈጥና ሁለተኛ ወርቋን ወሰደች። የኒውዮርክ ማራቶንን በ2009 ስታሸንፍ ደግሞ 37 ዓመቷ ነበር።

ወጣቱ ከአትሌቶቹ የሚወስደው ከባድ አይደለም። በሳምንቱ መጀመሪያ ከባዱንና ቀላሉን ቀን ይለይ፤ ሁለት ከባድ ቀን አያከታትል። ቢያንስ ሰባት ሰዓት ይተኛ፣ ስልኩንም ከመኝታ ክፍሉ ውጭ ያሳድረው። ቡና ከጠጣ ከአምስት ሰዓት በኋላ የካፌይኑ ግማሽ ያህል ገና በደሙ ውስጥ አለና የማታውን ማኪያቶ ይተወው። ቅዳሜ ወይም እሑድ ረፋዱ ላይ ግን ከጎረቤት ጋር አቦል፣ ቶና፣ በረካ እስኪባል ይቀመጥ። ስኒው እስኪታጠብና ጀበናው እንደገና እስኪፈላ ያለው ጊዜ የጨዋታ ነው፤ እዚያ ማንም ስለ ሪፖርት አይጠይቀውም። ይህን ሁሉ አድርጎ ዝለቱ ለሳምንታት ካልለቀቀው፣ ምግብና እንቅልፍ ከከለከለው፣ ሳያፍር ሐኪም ያማክር።

ቀኑን መምረጥ የማይችሉም አሉ። ሪያድ ወይም ቤይሩት ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ከባዱንና ቀላሉን ቀን የምትለየው በአሠሪዎቿ ፈቃድ ነው። ስለዚህ የእሷ ምክር ለቤተሰቧ ይድረስ። ስትደውል የወሩ ብር ከመነሳቱ በፊት «ሌሊት ስንት ሰዓት ተኛሽ? በሳምንት አንድ ቀን ታርፊያለሽ?» ተብላ ትጠየቅ። የምትልከው ለምን እንደዋለ ይነገራት፤ የምትመለስበትንም ጊዜ አባትና እናቷ አብረዋት ይቁጠሩ። የበዓል ድግስ፣ የአክስት ልጅ ሠርግና አዲስ ሶፋ ግን ያን ቀን እንዳያራዝሙባት ቤተሰቡ ቁጭ ብሎ ይምከር።