ከሚዘገይ ጋራ ስለ መሄድ

ከዱከም ተነሥቶ ወደ ሆራ ሐይቅ ለመሄድ ብዙ ስንቅ አያስፈልግም። ቢሾፍቱ ዐሥር ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ይርቃል፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው የጥንቱ ባቡርም በዚሁ በኩል ያልፍ ነበር። ከከተማው ዳር ጥቂት በዛፍ ጥላ ከተራመዱ ውሃው ይታያል። ስለዚህ አንድ የዱከም ሰው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እናቱን፥ ሚስቱንና ልጆቹን ይዞ ሲወጣ፥ መንገዱ ቀላል ነው አላቸው።

ዳሩ ግን ቀላል የሆነው ለማን ነው? ሆራ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በቈፈረው ጕድጓድ ውስጥ የተኛ ውሃ ነው፤ ጥልቀቱ 38 ሜትር ያህል ይሆናል። ወደ እርሱ የሚሄድ ሁሉ አስቀድሞ ይወርዳል፥ ኋላም ይወጣል። ልጁ ያሰበው መውረዱን ነበር። እናቱ ግን ገና ከአፋፉ ላይ ሳሉ የመመለሻውን ዳገት በጕልበታቸው ለክተውት ነበርና፥ «እኔ እዚህ ጥላ ሥር ልረፍ፤ እናንተ ደርሳችሁ ኑ» አሉ።

ጥያቄው በዚህ ቃል ላይ ነው። እንዳሉት ትቶ መሄድ መታዘዝ ይመስላል። ነገር ግን በዚህ አገር ሽማግሌ ተዉኝ ሲል ብዙ ጊዜ አትተዉኝ ማለቱ እንደ ሆነ የማያውቅ የለም። በእውነት ደክሞት ተዉኝ የሚልም አለ፤ እርሱን ደግፈን እናውርድህ እያሉ መጨቅጨቅ ክብሩን መንካት ነው።

ያዕቆብ ከዔሳው ጋራ በተገናኘ ጊዜ፥ ልጆቹና ከብቶቹ እንዳይጐዱበት በእነርሱ እርምጃ ቀስ ብሎ እንደሚከተል ነግሮ ወንድሙን አስቀደመው። ይህን የርኅራኄ ምሳሌ አድርጎ መጥቀስ ይቻላል። ታሪኩን ወደ ታች ላነበበ ግን ያዕቆብ ወደ ሴይር አልሄደም፤ መንገዱን ወደ ሱኮት አደረገ። የልጆቹ ድካም እውነት ነበረ፤ ለእርሱም ምክንያት ሆነለት።

ያ የዱከም ሰው ሚስቱንና ልጆቹን ወደ ታች ሰደደና ከእናቱ አጠገብ ተቀመጠ። መልካም አደረገ፤ ሆኖም የደከመው እርሱ ራሱ እንደ ሆነና እናቱን ሰበብ እንዳደረገ ማን ያውቃል? ከዚህም በፊት ሌላ ጥፋት ነበረበት። ከመስቀል በኋላ በሚውለው እሑድ፥ በሆራ አርሰዲ ኢሬቻ ሲከበር፥ አባ ገዳዎችና ሽማግሌዎች ፊት ይቀድማሉ፤ የተከተላቸውም ሕዝብ በእነርሱ እርምጃ ሲሄድ ዘገየን አይልም። ይህ ሰው ግን ከመኪናው ከወረደ ጀምሮ ፊት ፊት ሲሄድ ነበር። እናቱ ጥላውን የለመኑት ከኋላ ሆነው ነው። እርግጥ ፊት ቢሄዱም ዳገቱ አያጥርላቸውም ነበር።

ልጆቹ እያለከለኩ በተመለሱ ጊዜ አያታቸው የታናሹን እጅ ይዘው፥ «ውሃው ጐድሏል ወይስ እንደ ድሮው ነው?» ብለው ጠየቁት። ልጁ ድሮ የት ድረስ እንደ ነበረ አያውቅምና ወደ አባቱ ተመለከተ፤ አባቱም አልወረደም ነበር።