የክረምት ሽቱና የባልንጀራ እስትንፋስ

ሰው ሰውነቱን ከሚያስጌጥበት ነገር ሁሉ ሽቱ አንድ የተለየ ጠባይ አለው። የባልንጀራውን ልብስ ማየት የማይወድ ሰው ፊቱን ማዞር ይችላል፤ የወርቅ ብልጭታም የማያስደስተው ዓይኑን ወደ ሌላ ይመልሳል። ሽቱን ለመሸሽ የሚሻ ግን ትንፋሹን ማቆም ይኖርበታል፤ ትንፋሹን አቁሞ የሚኖር ደግሞ የለም። ስለዚህ ሽቱ የሚቀባ ሰው ለራሱ ብቻ የመረጠ ቢመስለውም፥ የመረጠው አብረውት ለሚቀመጡት ሁሉ ጭምር ነው። እንግዲህ ሽቱ መምረጥ የጌጥ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የግብረ ገብ ጥያቄም ነው ማለት ነው፤ ይልቁንም በክረምት።

በውጭ አገር ያሉ ሽቱ ቀማሚዎች የበጋውን ከክረምቱ ለይተው ያቀርባሉ። ለበጋ እንደ ሎሚና እንደ ብርቱካን አበባ ያለውን ቀላል መዓዛ፥ ለክረምት ደግሞ እንደ ቫኒላና እንደ ሰንደል ዕንጨት ያለውን ከባድ መዓዛ ይመክራሉ። ምክንያታቸውም የታወቀ ነው። መዓዛ የሚሸተው ከቆዳ ላይ ሲተን ስለ ሆነ፥ ብርድ መትነኑን ያዘገየዋል፤ በበረዶ አገር ቀላሉ መዓዛ ይደክማል፥ ከባዱ ግን ጸንቶ ይቆያል።

ይሁን እንጂ ይህን ምክር እንዳለ ወደ ይፋግ ማምጣት አይገባም። የእኛ ክረምት የበረዶ ሳይሆን የዝናም ነው። ሐምሌና ነሐሴ ሲሆን ርብ ይሞላል፥ በፎገራ ሜዳም ውሃ ይተኛበታል። ያን ጊዜ በርና መስኮት ይዘጋል፤ ማገዶው ርጥብ ስለሚሆን ጭሱ ይበዛል፤ ጋቢው በቅጡ ሳይደርቅ ይለበሳል፤ በአንዲት ጠባብ ክፍልም ብዙ ሰው ተጠጋግቶ ይቀመጣል። እንዲህ ባለው ቤት ውስጥ ከባድ ሽቱ መውጫ አጥቶ ይከማቻል። ሳል ያለበት ይታፈናል፤ ራሱን የሚያመው ይብስበታል፤ ሹሙን አፍሮ ዝም የሚለውም በልቡ ይማረራል።

ደግሞም ይህ አካባቢ በሽቱ ነገር እንግዳ አይደለም። ይፋግ በ19ኛው መቶ ዓመት በጣና ዙሪያ ከታወቁት ገበያዎች አንዷ ነበረች። ከእርስዋ በስተሰሜን ያለችው እንፍራዝ ደግሞ ቀድሞ በዝባድ ንግድ ስሟ የተጠራ ነው። ዐፄ አድያም ሰገድ ኢያሱን ለማከም እ.ኤ.አ. በ1699 ጎንደር የገባው ፈረንሳዊው ፖንሴ፥ በእንፍራዝ እስከ 300 ጥርኝ የሚያኖር ነጋዴ እንደ ነበረ፥ ዝባዱም በየሳምንቱ እየተፋቀ በበሬ ቀንድ ውስጥ እንደሚታሸግ ጽፏል። ያልተቀየጠ ዝባድ ለአፍንጫ የሚከብድ፥ የሚያስመርር ነገር ነው። ጥቂቱ በብዙ አልኮል ሲቀጥን ግን ደስ የሚያሰኝ ይሆናል፥ ሌላውንም መዓዛ ይዞ ያቆያል። እንግዲህ መዓዛንና ግማትን የሚለየው ዐይነቱ ብቻ ሳይሆን መጠኑም ነው። ኬሚስቱ ሊዮፖልድ ሩዚችካ እ.ኤ.አ. በ1926 የዝባድን መዓዛ የሚሰጠውን ንጥረ ነገር አሠራር ከገለጸ ወዲህ ሰው ሠራሽ ምትክ ስለ ተገኘ፥ አውሬውን በጠባብ ቀፎ አጕሮ ማሠቃየት ግድ መሆኑ ቀርቷል።

መጠንን የሚያውቀው ግን ማን ነው? ተቀቢው ራሱ አይደለም። አፍንጫ ለብዙ ጊዜ የቀረበለትን ሽታ ይለምደዋል፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥም እንደሌለ ይቈጥረዋል። ስለዚህ ሽቱ የሚቀባ ሰው መዓዛው የጠፋ መስሎት ይጨምራል፤ በማግሥቱም ደግሞ ይጨምራል። ይህ ጠባይ በሽቱ ብቻ የሚታይ አይደለም። ሰው የራሱን ኵራትና የራሱን ቍጣ የሚያውቀው ከሁሉ ኋላ ነው፤ የሚነግረው እውነተኛ ወዳጅ ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ጕዳዩ ሥር እንድረስ። በክረምት አንድ ገበሬ ጭቃውን አቋርጦ ለጉዳዩ ወደ መሥሪያ ቤት ይመጣል። ከጋቢው የዝናምና የጭስ ሽታ ይወጣል። ሽቱ የተቀባ ጸሐፊ ፊቱን ቢያጨማድድና ጉዳዩን ቶሎ ቶሎ ብሎ ቢያሰናብተው፥ ምን ሆነ ማለት ነው? ገበሬው የጋቢውን ጭስ አይሰማውም፤ ጸሐፊውም የሽቱውን ብዛት አይሰማውም፤ በዚህ ሁለቱ እኩል ናቸው። ልዩነታቸው ገበሬው ሽታውን ሳይመርጥ ሥራውና ብርዱ የሰጡት ሲሆን፥ ጸሐፊው ግን መርጦ የተቀባው መሆኑ ነው። ስለዚህ ከሁለቱ ይልቅ ሊጠነቀቅ የሚገባው መራጩ ነው። ደግሞስ የወተቱን ዕቃ በወይራ ስናጥን ጭሱን መዓዛ እንለው የለምን? ከገበሬው ጋቢ ላይ የመጣውን ጭስ ግን ሽታ እንለዋለን። እንግዲህ ፊት የሚያስጨማድደን ጭሱ ብቻ ሳይሆን፥ ስለ ባለጋቢው ያለን አስተያየትም ነው።

«እንግዲያስ የመንግሥት ሠራተኛ ሽቱ መቀባት ይተው ወይ?» የሚል ይኖር ይሆናል። እንዲህስ አይደለም። ደስ የሚያሰኝ መዓዛ ይዞ በሰው ፊት መቅረብ ሰውን ማክበር ነው። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 12 ማርያም ሽቱውን ባፈሰሰች ጊዜ ቤቱ ሁሉ በመዓዛው እንደ ተሞላ ተጽፏል። ሽቱው ለድኾች ነው ብሎ የተከራከረው ይሁዳም ስለ ድኾች ተገድዶ እንዳልነበረ ወንጌላዊው ይነግረናል። ስለዚህ ሽቱን መንቀፍ ብቻውን ለድኻ ማሰብ አይደለም። ነቀፋው የሚገባው ሽቱ በራስና በባለጉዳይ መካከል እንደ ግድግዳ ሲቆም ነው።

ስለዚህ በክረምት ሽቱ የሚመርጥ ሰው አስቀድሞ ገላውን ይታጠብ፥ ልብሱንም ያድርቅ፤ ሽቱ የንጽሕናን ቦታ አይተካምና። ከዚያ በኋላ ቀላሉን ይምረጥ፥ ጥቂትም ይቀባ፤ ብዛቱንም ራሱን ሳይሆን ባልንጀራውን ይጠይቅ። ወደ ሕሙምና ወደ ልቅሶ ቤት ሲሄድ ጨርሶ ይተወው። መምህርም ቢሆን ጭስ ጭስ የሚለውን ተማሪ ወደ ኋላ ወንበር አያርቀው፤ ያ ልጅ ያደረው እሳት ዳር እያጠና ሊሆን ይችላልና።

የሽቱው መልካምነት የሚታወቀው በብልቃጡ ዋጋ አይደለም። በዝናም ቀን፥ በሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ፥ አጠገባችን የተቀመጠው ሰው ሳይጨነቅ መተንፈስ ከቻለ፥ ምርጫችን ያን ጊዜ መልካም ነበር።