ሰውን አሳርፍ፣ መሬቱን ግን ያለ ጠባቂ አትተው

ልጄ፣ ወሎ ላይ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ሆነህ መመደብህን ስሰማ ደስ አለኝ። እናትህም «ጋሼ፣ ከመሄዱ በፊት አንድ ነገር በለው» አለችኝ። እኔ እርከን ሠርቼ አላውቅም፤ ዕድሜዬን የፈጀሁት እዚሁ እህል በረንዳ፣ በሚዛንና በመጋዘን መካከል ነው። ቢሆንም እህል ነጋዴ ስለ መሬት ሳያውቅ አይቀርም። የጎጃሙ ማኛ ፍሬው ሲቀጥን፣ የምንጃሩ ጤፍ ጠጠር ሲበዛበት፣ አይሱዙው ጎድሎ ሲገባ «ምን ሆናችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ እርሱ ነው። መልሱ አንዳንዴ ዝናብ ነው፣ አንዳንዴ ተምች ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን «አፈሩ ሄደ፣ መሬቱ ደከመ» ይሉሃል።

ስለ ደጉ ቀን አልመክርህም፤ ለደጉ ቀን መመሪያው ተጽፎ ይሰጥሃል። የምነግርህ ወረርሽኝ ገብቶ ሰው ከሰው በሚሸሽበት ጊዜ የወል መሬቱን፣ እርከኑንና የተከለለውን ተራራ እንዴት እንደምትይዝ ነው። ክፉ ቀን ያልፋል ይባላል። ያልፋል፣ እውነት ነው፤ ሲያልፍ ግን የወሰደውን አፈር አይመልስም።

መጀመሪያ ይህን ያዝ፦ በሽታ የእርሻን ወር ጠብቆ አይመጣም፣ ወይም ደግሞ ልክ በእርሻው ወር ይመጣል። በ1880 ዓ.ም. ገደማ የከብት በሽታ በምጽዋ በኩል ገብቶ የሀገሩን በሬ ፈጀው። ገበሬው በጤናው ሳለ ቀንበሩ ባዶ ቀረ። ድርቁና አንበጣው ተጨመሩበትና እስከ 1884 ያለው ዘመን ስሙ ራሱ «ክፉ ቀን» ሆኖ ቀረ። አፄ ምኒልክ በሬ ያለቀበትን ሰው ለማበረታታት ራሳቸው ዶማ ይዘው መቆፈራቸውን ታሪክ ጸሐፊዎች መዝግበዋል። በኅዳር 1911 ደግሞ ተራው የሰው ሆነ። ዓለም የስፔን ጉንፋን የሚለውን እኛ የኅዳር በሽታ አልነው፤ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ለጥቂት ተረፉ። ኅዳር ጤፍ የሚታጨድበት ወር ነው፤ በሽታው የመጣው አጫጅ በሚፈለግበት ሰዓት ነበር። እስከ ዛሬ ኅዳር 12 ቆሻሻ የምናቃጥለው የዚያን ጊዜ ትዝታ ነው። ስለዚህ የሥራ ዕቅድህን ስትጽፍ በጥርና በየካቲት የሚሠራውን እርከን፣ በሰኔና በሐምሌ የሚተከለውን ችግኝ ቆጥረህ፣ «ያን ወር ሰው ቢታመምስ ምን አደርጋለሁ?» የሚል አንድ ገጽ ጨምርበት። አስቀድሞ ነበር መጥኖ መደቆስ፤ ኋላ ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ።

ሁለተኛው፦ ሰውን ከሥራ ስታሳርፍ ከእንጀራው አታሳርፈው። ኮሮና መጋቢት 4 ቀን 2012 ሀገራችን ገባ ተባለ። ወሩ ሳያልቅ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳምና ጥሊሊ ተዘጉ፤ የጎጃሙን መንገድ የምንጠብቅ እኛ ነን የደነገጥነው። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። የጭነት መኪና ግን አልቆመም፤ እህል በረንዳም አልተዘጋም። ወዛደሩ ኩንታል ተሸክሞ እየተጋፋ፣ ሴቶቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው እያበጠሩ፣ «ተራራቁ» የሚለው ድምፅ ማጉያ በላያቸው ላይ ይጮኽ ነበር። ቤቱ ቢቀመጥ ማታ የሚበላው ለሌለው ሰው «ተራራቅ» ማለት ምክር አይደለም።

በገጠር ግን አንድ የተሻለ ነገር ተደርጓል፤ አንተም ልትማርበት ይገባል። ሴፍቲኔት ከ1997 ጀምሮ የምግብ ዋስትና የሌለውን ሰው እርከን እያሠራ፣ መንገድ እያስጠረገ፣ ኩሬ እያስቆፈረ ሲረዳ ኖሯል። በኮሮናው ጊዜ ተጠቃሚው የማኅበረሰብ ሥራው ይቅርለት፣ ክፍያው ግን ይሰጠው ተባለ። በከተማው ሴፍቲኔትም ጽዳትና አረንጓዴ ልማት ላይ የነበሩት ሰዎች ከሥራ አርፈው የሦስት ወር ክፍያ ቀድሞ ተሰጣቸው። ትክክል ነበር። ከመሞት መሰንበት። የተራበ ሰው ሥራ ሲቆምበት የሚሄደው ወደ ተከለለው ተራራ ነው፤ ከሰል ያከስላል፣ እንጨት ይሸጣል። እጁን አትያዝ፤ ቀድመህ ሆዱን ያዝ። ደሞዝ ሳይቋረጥ ሥራ ሲቆም ተራራውም አብሮ ይተርፋል።

ሦስተኛው፦ ሥራው ሙሉ በሙሉ እንዳይቆም በትነው። እኛ አበሾች ሥራ ስንል ደቦና ወንፈል ነው የሚታየን፤ መቶ ሰው ባንድ ተራራ፣ ጠላው በገንቦ፣ ፉከራው በጩኸት። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለን ነው ያደግነው። ወረርሽኝ ግን ድሩ ሲያብር ደስ የሚለው አንበሳ ነው። ያን ጊዜ ሌላውን ተረት አውጣ፦ ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። እርከኑን በቤተሰብ ከፋፍለህ ስጥ፤ እያንዳንዱ ከነልጆቹ በማሳው ጫፍ ያለውን ይያዝ፤ የፈረሰውን ድንጋይ ይመልስ፤ የተደፈነውን ቦይ ይጥረግ። አዲስ ሥራ አትጀምር፤ ያለውን አስጠብቅ። ጎርፍ አንዱን እርከን ሲጥስ ከታቹ ያለው ሁሉ ይከተለዋልና ጥገናው ከአዲሱ ይበልጣል። አረንጓዴ አሻራን አይተኸዋል፤ በ2011 ሐምሌ 22 በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ ተተከለ ተብሎ ዓለም ሰማ። በ2012 ደግሞ ወረርሽኙ መሃል፣ ግንቦት 28 ሐዋሳ ላይ ተጀምሮ 5 ቢሊዮን ለመትከል ታቀደ። ተራርቆ መትከል ይቻላል፤ ጉድጓዱም ራሱ ተራርቆ ነው የሚቆፈረው። የሚያስቸግረው ከተከላው በኋላ ያለው ነው፤ ችግኙን ከፍየል የሚጠብቀው ማን ነው? ለዚያ ስም ጻፍ።

አራተኛው የምክሬ ሁሉ ዋና ነው፤ አጥሩን ያለ ጠባቂ አትተው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይላሉ አባቶች። የወል መሬት ባለቤቱ ሁሉም ነው፤ በክፉ ቀን ግን «ሁሉም» የሚባለው ሰውዬ የለም፣ ቤቱ ተዘግቶበታል። በ1970ዎቹ ወሎን ጨምሮ በየደጋው በምግብ ለሥራ ስንት እርከን ተሠራ፣ ስንት ተራራ ተከለለ፣ ስንት ባሕር ዛፍና ጽድ ተተከለ። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ጠባቂው ምሽጉን ትቶ እንደሄደ ወታደር ሆነ፤ በብዙ ቦታ ዛፉ ተቆረጠ፣ እርከኑ ፈረሰ። ያን ጊዜ ወረርሽኝ አልነበረም፤ የነበረው «የሚጠይቅ የለም» የሚል ስሜት ነው። ወረርሽኝም ያንኑ ስሜት ያመጣል፤ ጽሕፈት ቤቱ ይዘጋል፣ ባለሙያው ቤቱ ይቀመጣል፣ ስብሰባው ይቀራል። ሌላው ነገር ሲቆም መቆም የሌለበት የጥበቃው ተራ ነው። ሁለት ጠባቂ ተራርቆ ለመቆም ተራራው ሰፊ ነው።

ጠብቅ ስልህ ግን ዝጋ ማለቴ አይደለም። የተራበ ከብት ያለው ሰው የተከለለውን ሣር እያየ «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ» ብትለው አይሰማህም። አሜሪካ ያለው የአጎትህ ልጅ እንዳጫወተኝ፣ መንግሥታቸው ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አፈሩ የሚሸረሸርበትን ማሳ ሳያርስ በሣር ለሚያሳርፍ ገበሬ ኪራይ ይከፍላል፤ ውሉም 10 ወይም 15 ዓመት ነው። ድርቅ ሲጠና ታዲያ ያን ሣር በተወሰነ ጊዜና በተወሰነ መጠን እንዲያጭዱ ወይም እንዲያስግጡ ይፈቅዳሉ። አንተም ከሽማግሌዎቹ ጋር ሆነህ አስቀድመህ ተስማማ፤ ክፉ ቀን ሲመጣ ማን፣ በየትኛው ቀን፣ ስንት ሸክም ሣር አጭዶ ይወስዳል? ከብት አይግባ፤ ማጭድ ይግባ። በር ያለው አጥር ከተጣሰ አጥር ይሻላል።

አምስተኛው፦ የሕዝብን መሬት ለአደጋ ጊዜ ስታበድር የምትመልስበትን ቀን ጻፍ። ይህን ያስተማረችን ጃንሜዳ ናት። በኮሮናው ሰሞን ፒያሳ የነበረው አትክልት ተራ ተጨናንቆ በሽታ እንዳያዛምት ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። ሐሳቡ ደግ ነበር፤ ሜዳው ሰፊ ነው፣ አየር አለው። ክረምቱ ሲገባ ግን ጭቃውና የበሰበሰው አትክልት ሜዳውን አበላሸው፤ ነጋዴውም ሸማቹም ተማረረ። የ2013 ጥምቀት ሲቃረብ «ታቦት የት ይደር?» የሚለው ጥያቄ መጣ፤ ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት አካባቢ ተነሣ፣ ወጣቱም መጥረጊያ ይዞ ወጣ፣ ሜዳው ተጠረገ። ለጥምቀት ደረሰ። የመለሰው ግን ውል አልነበረም፤ የበዓል ቀጠሮ ነው። አንተ የምትሠራበት ወረዳ የግጦሽ ሜዳ ጥምቀት የለውም፤ የሚያስታውስለት ቀን ከሌለ ለድንኳን የተሰጠው ጎጆ ይሆናል፣ ጎጆውም ካርታ ይጠይቃል። በእጅ ሰጥቶ በእግር መፈለግ እንዳይሆንብህ፣ ለማቆያም ሆነ ለጊዜያዊ ገበያ መሬት ሲጠየቅ የቀበሌው ሰው በተሰበሰበበት ወሰኑን ለክ፣ ቀኑን ቁረጥ፣ ማን እንደሚያጸዳ አስፈርም።

ስድስተኛው፦ ሥራህ ራሱ በሽታ እንዳይዘራ ተጠንቀቅ። ይህን ከነጋዴ ሳይሆን ከሐኪሞች ነው የሰማሁት። ትግራይ ውስጥ በተሠሩ አነስተኛ ግድቦች ዙሪያ ጥናት ተደርጎ፣ ግድብ አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት ርቀው ከሚኖሩት በ7 እጥፍ ገደማ በወባ ሲያዙ ተገኝተዋል። ከአጥኚዎቹ አንዱ በኋላ የዓለም ጤና ድርጅትን የመሩት ዶክተር ቴዎድሮስ አድኃኖም ናቸው። ግድቡ ይቅር ማለት አይደለም፤ ውሃ ያዘለ ሥራ ስትሠራ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ከመጀመሪያው ቀን ጥራት፤ ከመንደር አርቅ፤ የቆመውን ውሃ አፍስስ፤ አጎበር መኖሩን ጠይቅ። የእርሷ መዝገብና ያንተ መዝገብ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይገናኙ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዳይባልብህ፤ አፈር አድናለሁ ብለህ ሕፃን አታሳምም።

የመጨረሻው ስለ እውነት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ የመሬት በሽታም እንደዚያው ነው። ወረርሽኝ ሲሆን ሪፖርቱ ከቢሮ ይጻፋል፣ «ዕቅዱ መቶ በመቶ ተሳክቷል» ይባላል፣ ተራራው ግን አይሰማም። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል። የሀገራችን ደጋ በዓመት 1 ቢሊዮን ተኩል ቶን ያህል አፈር እንደሚያጣ ባለሙያዎች ከገመቱ አርባ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ያ ሁሉ የሄደው አንድ ቀን በድንገት አይደለም፣ በየክረምቱ «ዘንድሮስ ይለፍ» እየተባለ ነው። ስለዚህ መውጣት ባትችል ደውል፤ በየጎጡ አንድ የሚታመን ሰው ይኑርህ፤ የቱ እርከን እንደፈረሰ፣ የቱ ቦረቦር እንደሰፋ ይንገርህ። ያልተሠራውን «አልተሠራም፣ ሰው ታሟል» ብለህ ጻፍ። ከዚያ ጽሑፍ በመጪው ጥር ከየት መጀመር እንዳለብህ ታውቃለህ። የዋሸህ እንደሆነ ግን ጥር ሲመጣ ተሠርቷል የተባለውን ማን ያሠራሃል?

እኛ እዚህ ዋጋ ሲወጣ እንከሰሳለን። ከመካከላችን የሚደብቅ የለም አልልህም፤ አለ። ነገር ግን መጋዘን ውስጥ የተደበቀ ኩንታል በፍተሻ ይወጣል፤ ጎርፍ የወሰደውን ኩንታል የትኛውም ግብረ ኃይል አያወጣውም። እኔ ነጋዴ ሆኜ ያንተን እርከን የምለምነው ለዚህ ነው።

በል ተነስ፣ ጎንበስ በል ልመርቅህ። እግርህ እንቅፋት አይምታው፤ ቃልህ በሽማግሌ ፊት ይደመጥ፤ የሠራኸው ጎርፍ አይጣሰው፤ የተከልኸው ይጽደቅ። ወረርሽኝ ከደጅህ ይራቅ፤ ቢመጣም ሕዝብህ ሳይራብ፣ ተራራህ ሳይራቆት ያሳልፍህ። አሜን በል። ደግሞ ስትደርስ ለእናትህ መደወል እንዳትረሳ፤ ከራስ በላይ ነፋስ አትበል።