በገዛ አገር አልጋ መያዝ

ወልድያ የገባን ለት ማታ እናታችን የጠየቀችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «እዚህ ለማደር ይከፈላል?» ይከፈላል አልኳት። «ስንት?» ዋሸኋት። ከእውነተኛው ዋጋ ሩቡን ብቻ ነገርኳት። እሱንም ሰምታ አማተበችና «መርሳ እኮ እዚሁ ነው፣ ልጄ» አለችኝ።

እውነቷን ነው። መርሳ ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሆን ነው። እናታችን እዚያ ቤት አላት፣ ግቢ አላት፣ የማንጎ ጥላ አላት። እኛ ግን ከቤቷ አስነስተን ሆቴል አሳደርናት፤ ያውም ለክብሯ ብለን።

ነገሩ የ2011 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት እናታችን ሰማንያ ሞላት። «ሞላት» የምንለው እኛ ነን እንጂ እሷ የምታውቀው ጣሊያን ገና ሳይወጣ መወለዷን ብቻ ነው። አሜሪካ ያለችው እህታችን ከነልጆቿ የመጣችበት ጊዜ ስለነበር፣ ገናን ላሊበላ አክብረን ስንመለስ ወልድያ ላይ እንሰብሰብና እናመስግናት ተባለ። ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ልጅ፣ አማች፣ ምራት፣ አጎትና አክስት ሲቆጠር 31 ነፍስ ሆንን። ትልቋ የሰማንያ ዓመት፣ ትንሹ የሰባት ወር። አልጋ የመያዙ ሥራ ለእኔ ደረሰ። «አንተ ጋዜጣ ላይ ስለምትጽፍ ሰው ማነጋገር ታውቅበታለህ» አሉኝ። ጋዜጣ ላይ የሚጽፍ ሰው ከወረቀት በቀር ማንንም እንደማያነጋግር ማን በነገራቸው።

መቼም ሆቴል መምረጥ ቀላል የሚመስለው ለአንድ ሰው ሲሆን ነው። ለአንድ መንገደኛ አንሶላው ንጹሕ ከሆነና በሩ ከተቆለፈ ይበቃዋል። ለአራት ትውልድ ግን አንዱ ጥያቄ ሌላውን ይወልዳል። የእናታችን ጉልበት ደረጃ አይወጣም፤ ስለዚህ ምድር ቤት ይሁን። ምድር ቤቱ ግን ከቡና ቤቱ ጎን ነው፣ ሙዚቃው አያስተኛም። ሕፃኑ ሙቅ ውኃ ይፈልጋል። ከአሜሪካ የመጡት ልጆች ቁጢጥ ብለው መጸዳዳት አያውቁም፤ እናታችን ደግሞ ብዙ ሰው የተቀመጠበት ላይ መቀመጥ ይቀፋታል። ስልክ ደወልኩ። አሳንሰር አላችሁ? «አለን፣ መብራት ሲኖር።» ጄኔሬተርስ? «አለን፣ ናፍጣ ሲኖር።» ውኃስ? «ሮቶ አለን ጌታዬ።» ቢያንስ አልዋሹኝም።

ከሁሉም የከበደኝ ግን የወጥ ቤቱ ጥያቄ ነበር። እኛ እንደ ብዙ የወሎ ቤተሰብ ሁለት ነን። የእናታችን ወንድም፣ አጎታችን፣ ሐጂ ናቸው፤ ልጆቻቸውም እስላሞች ናቸው። መርሳ ሲደገስ ይህ ችግር ሆኖ አያውቅም። ለእስላሙ ወገን በሬው ወይም በጉ በቁሙ ይሰጠዋል፣ ራሱ ባርኮ ያርዳል፣ በራሱ ድስት ይሠራል፣ በራሱ ዳስ ይበላል፤ ከዚያ ቡናው ላይ ሁሉም ይገናኛል። እናታችን ጓዳ ውስጥ ለወንድሟ ብቻ የተቀመጠ ሳህንና ድስት አለ፤ ማንም አይነካውም። ይህን ሁሉ በስልክ ለማስረዳት ሞከርኩ። «ሁለት ድስት አላችሁ ወይ?» አልኩ። ሰውየው ሳቀ። «ከ50 በላይ ድስት አለን ጌታዬ!»

ልጁ አልገባውም፤ አልፈርድበትም። ሆቴል የተሠራው እንግዳ ሁሉ አንድ ነው ተብሎ ነው፤ ከፋይ ነው። የወሎ ዳስ ግን የተሠራው እንግዳው እንደማይመሳሰል ታውቆ ነው። እኔ ወደ አንደኛው ሐሳብ ይዤያቸው ስሄድ ሁለተኛውን የማፈርሰው አልመሰለኝም ነበር። በመጨረሻ አጎታችን በእህታቸው ድግስ ላይ የበሉት ዕንቁላልና ሰላጣ ነው። ምንም አላሉም። «አልሐምዱሊላህ፣ ጥሩ ነው» አሉ። ጨዋ ሰው ናቸው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ነገሩ ያስቃል። ስንገባ እንግዳ ተቀባዩዋ መታወቂያ ሰበሰበች። የአሜሪካ ፓስፖርት የያዙት የእህቴ ልጆች በዶላር ይክፈሉ አለች፤ የእኔ ልጆች በብር። የአንዲት ሴት የልጅ ልጆች፣ በአንድ ኮሪደር ላይ፣ ሁለት ዋጋ። የ14 ዓመቷ ልጅ «አያቴ ዘንድ ስመጣ ቱሪስት ነኝ ማለት ነው?» ብላ በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ። በአማርኛም ቢሆን መልስ አልነበረኝም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ከአምስታችን ልጆች አንዱ፣ ታላቁ ወንድማችን፣ መርሳ ነው የሚኖረው። እኛ በየአገሩ ስንበተን እናታችንን ሲጦር የኖረ እሱ ነው። ስትታመም ሐኪም ቤት የሚወስዳት፣ ሌሊት ስታስል የሚሰማት እሱ ነው። ገንዘብ ግን የለውም። ስለዚህ የድግሱን መዋጮ ስንከፋፈል «ጋሼን አናስቸግረው፣ እሱ የራሱን እያደረገ ነው» ተባባልን። ቸርነት መስሎን ነበር። ሳናስቸግረው፣ ሳንጠይቀውም ቀረን። ሆቴሉ መያዙን ከልጁ ነው የሰማው።

በድግሱ ቀን ጠዋት ጋሼ ከመርሳ በአይሱዙ ሁለት ሙክት ጭኖ መጣ። አንዱ ለእኛ፣ አንዱ ለሐጂ ወገን። የሁለት ድስቱን ችግር ማንም ሳይነግረው ፈትቶት ነበር የመጣው። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ግን በትሕትና «ከውጭ የሚመጣ ምግብ አይገባም፣ ውሉ ላይ አለ» አለ። ውሉን የፈረምኩት እኔ ነኝ። አላነበብኩትም እንዳልል አንብቤዋለሁ፤ «ምግብ» ሲል ብስኩትና ለስላሳ ነበር የመሰለኝ እንጂ የወንድሜ ሙክት መስሎኝ አያውቅም። በጎቹ መኪና ማቆሚያው ላይ፣ በአንድ የቱሪስት ላንድክሩዘር ጎማ ታስረው ዋሉ። ማታ ጋሼ ጭኗቸው ተመለሰ። «ለፋሲካ ይሆናሉ» አለ። ኬኩ ሲቆረስም አልነበረም።

ይህን ባሰብኩ ቁጥር ፊቴ ይግላል። ነገር ግን ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ኖሮ ጽሑፉም ቀላል በሆነ፤ «ድሮ ደግ ነበርን፣ ሆቴል አበላሸን» ብዬ በዘጋሁት። በማግስቱ ጠዋት የጋሼ ባለቤት፣ ምራታችን፣ በረንዳው ላይ ብቻዋን ማኪያቶ ስትጠጣ አገኘኋት። ይቅርታ ልጠይቃት ሄድኩ። ባለቤትሽን አዋረድነው አልኳት። ዝም ብላ ቆየችና እንዲህ አለችኝ፦ «እሱስ ከፍቶታል፣ አልዋሽህም። እኔ ግን ተድሬ እዚያ ቤት ከገባሁ 27 ዓመቴ ነው፤ በዓልን ቁጭ ብዬ የበላሁት ዘንድሮ ነው። እግዜር ይስጥህ።»

እስቲ ልብ በሉ። 31 ሰው መርሳ ቢያርፍ ኖሮ ከሳምንት በፊት ጤፍ የምታስፈጭ፣ ጠላ የምትጠምቅ፣ ሽንኩርት ስትከትፍ የምታነባ፣ የ31 ሰው መኝታ አንጥፋ ራሷ ማድቤት ጥግ የምትጋደም እሷ ናት። እኛ «የእናታችን ቤት ደግነት» የምንለው ነገር ሲገለጥ የምራታችን ወገብ ነው። ጋሼ የተነፈገው ማስተናገድን ነው፤ እሷ የተገላገለችውም ያንኑ ማስተናገድ ነው። አንድ ቤት፣ አንድ ድግስ፣ ሁለት ሰው።

የእንግዳ መቀበል አባት ተብሎ በክርስቲያኑም በእስላሙም ዘንድ የሚጠራው አብርሃም ነው። የኦሪት ዘፍጥረቱ ታሪክ ግን በጥንቃቄ ሲነበብ፣ አብርሃም እንግዶቹን ተቀብሎ ወደ ድንኳኑ ሮጦ ይገባል፤ ዱቄት ለውሰሽ እንጎቻ አድርጊ ብሎ ሣራን ያዛል። ጥጃውንም ያዘጋጀው ብላቴናው ነው። ስሙ ግን የአብርሃም ቤት ነው። ሣራ በዚያን ጊዜ ያረጀች ሴት ነበረች። ደክሟት እንደሆነ የጠየቃት የለም።

አገራችን ሆቴል የሚባል ነገር ሲገባም የተጋጨው ከዚሁ ጋር ነው። እቴጌ ጣይቱ በ1898 ዓ.ም. ገደማ አዲስ አበባ ላይ ሆቴላቸውን ሲያቆሙ፣ እንደሚወራው፣ ሰው ከፍሎ መብላትን ነውር ብሎ ድርሽ አላለም፤ ምኒልክ መኳንንቱን ልከው ካስበሉ በኋላ ነው ሒሳብ ክፈሉ የተባለው። ታሪኩ እውነት ይሁን ተረት፣ የሚወራበት ምክንያት ግልጽ ነው። በኋላ ግን ለመድነው። ካንት የሚባለው ጀርመናዊ ፈላስፋ በ1795 እ.ኤ.አ. ስለ ዘላለማዊ ሰላም በጻፈው ድርሰት፣ መጻተኛ በሰው አገር እንደ ጠላት ያለመታየት መብት አለው፤ የእንግድነት መብት ግን የለውም፣ ለእሱ የተለየ ስምምነት ያስፈልጋል ይላል። ሆቴል ይኼው የተለየ ስምምነት ነው። ብር ከፍለህ እንግድነትን ትገዛለህ። ባለቤትነትን ግን የትም አይሸጡልህም፤ ጋሼ ከነሙክቶቹ በር ላይ የቀረው ለዚህ ነው።

እናታችን ወጣት ሳለች ለገና ላሊበላ የሄደችው በእግሯ ነበር። የላስታ ሰው ያንጊዜም እንደ ኋላው የተሳላሚውን እግር እያጠበ ያሳድር ነበር። በ2011 ስንሄድ እሷን በመኪና፣ በበዓል ዋጋ በተያዘ አልጋ አሳደርናት። ቤተ ማርያም ላይ ካህናቱ ቤዛ ኩሉ ሲሉ አልቅሳ ደስ አላት። ማታ ግን «ያቺ እግሬን ያጠበችኝ ሴትዮ ቤቷ የት እንደነበር ጠፋኝ» እያለች ስትፈልግ ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። በነሐሴ 2013 ጦርነቱ ወልድያ ገባ። ከአካባቢው ብዙ ሰው ወደ ደሴ ተሰደደ፤ እናታችንና የጋሼ ቤተሰብም ደሴ ያለችው እህታችን ዘንድ ገቡ። በሦስት ክፍል ውስጥ ከዘመድም ከባዳም 23 ሰው። ምድር ቤት ይሁን ፎቅ፣ መቀመጫ ይሁን ቁጢጥ የጠየቀ አልነበረም። ሐጂም ከነቤተሰባቸው እዚያው ነበሩ፤ ሁለት ድስት ከጎረቤት ተገኘ። በጥቅምት መጨረሻ ደሴም ተያዘች። ወልድያ ነጻ የወጣችው በታኅሣሥ 2014 ነው። ስንገናኝ ለምራታችን ያንን ጊዜ እንዴት አሳለፋችሁት አልኳት። «እንጀራ ስጋግር» አለችኝ።

አሁን እናታችን ወደ ዘጠናው እየገሰገሰች ነው። የአሜሪካዋ እህታችን እንደገና እንሰብሰብ እያለች ትደውላለች። ከ2015 ወዲህ ክልሉ ውስጥ በተነሳው ግጭት የመንገዱ ነገር እንደ ድሮው ስላልሆነ ቀን አልቆረጥንም። እኔ ግን በዚህ ጊዜ ሆቴል ሳልደውል መጀመሪያ ጋሼ ዘንድ ደወልኩ። «እቤት ነው የሚሆነው፣ ምን ጥያቄ አለው!» አለኝ፤ ድምፁ ሲፈካ ተሰማኝ። ከዚያ ምራታችንን ስጥልኝ አልኩት።

«እቤት ይሁን» አለች እሷም። «በጉን ያረደ ወንድ ግን ይቀቅለው፤ ሽንኩርቱንም ይክተፍ። ለእኔና ለእማዬ ደግሞ ወልድያ ሁለት ሌሊት አልጋ ያዝልን።»

አሳንሰር እንዳለው ልጠይቅ እንዴ አልኳት።

«ውኃ መኖሩን ጠይቅ» አለችኝ።