ስለ መትረፍና ስለ ማመስገን

በአገራችን ቋንቋ መከራ ደርሶበት ከመከራው ለተረፈ ሰው የሚነገሩ ቃላት ብዙዎች ናቸው። «እንኳን እግዚአብሔር አተረፋችሁ» እንላለን፤ «የባሰ አታምጣ» እንላለን፤ «ገንዘብ ይተካል፣ ሰው አይተካም» እንላለን። እነዚህ ከአባቶቻችን የወረስናቸው፣ ያዘነን ልብ የሚጠግኑ መልካም ቃላት ናቸው። ይሁን እንጂ ስንናገራቸው ምን ማለታችን እንደ ሆነ ቆም ብለን የምንጠይቅበት ጊዜ ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የወደድነው ጥያቄ የሚከተለው ነው፤ አንድ ሰው እርሱ ተርፎ ሌላው ባልተረፈበት መንገድ ላይ ቆሞ «ተመስገን» ማለት የሚችለው እንዴት ነው? ምስጋናውስ ለማን ይደርሳል?

ጥያቄውን ከመጽሐፍ አላገኘነውም፤ ያገኘነው ከሂርና መንገድ ነው።

በ2014 ዓ.ም. ክረምት የሥጋ ወንድማችን ከባለቤቱና ከሦስት ልጆቹ ጋር ከድሬዳዋ ተነሥቶ ወደ ጭሮ ይመጣ ነበር። የእናታችን ሙት ዓመት ስለ ነበር እኛ ቀድመን ጭሮ ገብተን እንጠብቃቸው ነበር። መንገዱን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚረዳው፣ ከቁልቢ ወዲህ ያለው የጨርጨር ደጋ ጠመዝማዛ ነው፤ በክረምት ጉም ይወርድበታል፤ ጫት የጫነው አይሱዙም ገበያው እንዳያመልጠው እየበረረ ያልፍበታል። ሂርና ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው የፊት ጎማው ፈነዳ፤ መኪናዋም ከአስፋልቱ ወጥታ በአንድ የማሽላ ማሳ እርከን ላይ በጎኗ ተጋደመች።

ድምፁን የሰሙ ገበሬዎች ከየማሳቸው ሮጠው መጡ፤ መኪናዋን በትከሻቸው ደግፈው ልጆቹን በመስኮት አወጧቸው። አንዲት እናት ሻሿን ከራሷ ላይ ፈትታ የሁለተኛዋን ልጅ የተሰነጠቀ ግንባር አሰረችላት። አንድ ባለ ባጃጅ ሒሳብ ሳይጠይቅ ለመጀመሪያ ርዳታ ወደ ከተማ አደረሳቸው። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ዝናቡ እየወረደባቸው መኪናዋን ሲጠብቁ አደሩ፤ በማግሥቱ ከውስጧ አንዲት ዕቃ አልጎደለችም። ማንም ስማቸውን አልጠየቃቸውም፤ በዚያ ሰዓት ስም የሚጠይቅ ልብ አልነበረምና።

የወንድማችን ሚስት ክንዷ በሁለት ቦታ ተሰብሮ ስለ ነበር ድሬዳዋ ተወስዳ ቀዶ ጥገና ተደረገላት። ወጪው ወዲያው ተከተለ፤ ለሕክምናው፣ ለመድኃኒቱ፣ መኪናዋን ጎትቶ ለማውጣት፣ ለላሜራና ለጋራዥ ሲደመር ወደ 160 ሺህ ብር ተጠጋ። በ2000 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን በሌላ ሰው ላይ የሚደርሰውን ጉዳት ለመካስ የቆመ እንጂ የባለ መኪናውን የራሱን ንብረት የሚጠግን አይደለም። ስለዚህ ለልጆቹ ትምህርት የተቀመጠው ገንዘብ ወጣ፤ ዕቁቡ ተለምኖ ቀድሞ ተሰጠ፤ የሚስቲቱ የሠርግ ወርቅም ተሸጠ።

በዚህ ላይ ልንሰውረው የማይገባን ነገር አለ። ጎማው ማለቁን ወንድማችን ያውቅ ነበር። «ለዚህ ወር ይቆይ» ብሎ ነበር። ድንገተኛ ያልነው ወጪ በእውነቱ ለሌላ ቀን የተላለፈ ወጪ ነበር፤ የተላለፈበትን ወለድ ይዞ መጣ። «እግዚአብሔር አተረፈን» የሚለው ቅዱስ ቃል ይህን ጥፋት መሸፈኛ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይገባል። በደሉን ሸሽጎ የሚያመሰግን ሰው ያመለጠበትን እንጂ የተሰጠውን አያውቅምና። ወንድማችን ይህን ለሚስቱ በአልጋዋ አጠገብ ተንበርክኮ ነገራት። እኛ እንደምናምነው፣ በዚያ ቤት እውነተኛው ምስጋና የጀመረው ከዚያ ኑዛዜ ነው።

ሊጠይቋት የሚመጡት ዘመዶች ሁሉ «እንኳን እግዚአብሔር አተረፋችሁ» ይሏት ነበር። እርሷም «ተመስገን» ትል ነበር። በሦስተኛው ቀን ግን ድምፅዋን ዝቅ ማድረግ ጀመረች፤ በአራተኛው ቀን ጭራሹን ተወችው። ምክንያቱን ስንጠይቃት በአጠገቧ ወዳለው አልጋ በዓይኗ አመለከተችን። እዚያ የተኛችው ሴት በዚያው ሳምንት፣ በዚያው መንገድ፣ በሌላ መኪና ልጇን ያጣች እናት ነበረች።

«አባ፣ እስቲ ይንገሩኝ» አለችን። «እኛን ያተረፈ እግዚአብሔር የእርሷን ልጅ ለምን አላተረፈውም? እኔ ‹ተመስገን› ባልኩ ቁጥር ትሰማኛለች።»

በዘርዐ ክህነት ትምህርት ቤት ስለ መግቦተ እግዚአብሔር ብዙ ተምረናል፤ በዚያች ሰዓት ግን የተናገርነው ሁሉ ለራሳችን ጆሮ እንኳ ባዶ ነበር። ዝም ማለት ይሻለን ነበር።

የሐረርጌ ምድር ይህን ጥያቄ ቀድሞም ያውቀዋል። በ1907 ዓ.ም. በዚያን ጊዜ የሐረር ገዥ የነበሩት ደጃዝማች ተፈሪ መኮንን፣ ኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ በሐሮማያ ሐይቅ ላይ የተሳፈሩባት ጀልባ ሰጠመች። እርሳቸው ተረፉ፤ አብረዋቸው ከነበሩት ግን ያልተረፉ ነበሩ። ከሞቱትም አንዱ አስተማሪያቸው የነበሩት አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ናቸው። አባ ሳሙኤል በካቶሊክ ሚሲዮን የተማሩ፣ ከሐረሩ ጳጳስ ከሞንሲኞር እንድርያስ ዣሮሶ ጋር የልዑሉን ትምህርት የተከታተሉ ሰው ነበሩ። ንጉሠ ነገሥቱ ከብዙ ዓመታት በኋላ በጻፉት የሕይወት ታሪካቸው ውስጥ እኚህን መምህር በፍቅርና በአክብሮት አስታውሰዋቸዋል። ተማሪው ወጥቶ መምህሩ ቀረ። እንግዲህ የተረፈው ሰው «ከእርሱ ይልቅ እኔ ተመረጥሁ» ብሎ ያመስግንን?

ወደ ሂርና መለስ ስንል በመንገዱ ላይ የምናገኘው ቁልቢም የሚያስተምረን አለው። ራስ መኮንን ከዐድዋ ድል በኋላ በቁልቢ የቅዱስ ገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን ማሠራታቸው የታወቀ ነው፤ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ቀን ከየአገሩ የሚመጣው ምእመን ስእለቱን የሚያስገባበት ስፍራ ነው። ራስ መኮንንም በመጋቢት 1898 ዓ.ም. ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ታመው ያረፉት በዚያው በቁልቢ ነው። ምስጋናቸውን ባቆሙበት ስፍራ ሞት አገኛቸው። ከዚህ የምንረዳው ምስጋና መድን አለመሆኑን ነው። ያመሰገነ ሰው ለነገ መንገዱ ዋስትና አልገዛም፤ ያልተረፈ ሰውም ያላመሰገነ ሰው አይደለም።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት ምስጋናዎችን ለይተን ልንተዋቸው ይገባል። አንደኛው በንጽጽር ላይ የቆመ ምስጋና ነው፤ «ክንድ ነው እንጂ አንገት ቢሆንስ?»፣ «እኛ መኪና ነው ያጣን፣ እነርሱ ሰው አጡ» ይላል። «የባሰ አለና አገርህን አትልቀቅ» የሚለው ተረት ሰውን ከማጉረምረም ይከለክላል፤ በዚህም ይጠቅማል። ዳሩ ግን የእኔ ምስጋና የሌላውን መባስ የሚፈልግ ከሆነ፣ የባሰበት ሰው እርሱ ራሱ በምን ያመስግን? ሁለተኛው በመመረጥ ላይ የቆመ ምስጋና ነው፤ ይኸኛው በአጠገቡ የተኛችውን እናት ያልተወደደች ያደርጋታል። ሁለቱም ምስጋና መስለው ይታያሉ፤ ነገር ግን ሁለቱም ከሐዘንተኛ ፊት ሊቆሙ አይችሉም።

ታዲያ ምን ይቀራል? ቅዱስ ቶማስ አኩይናስ ስለ ምስጋና ባስተማረው ትምህርት ሦስት ደረጃዎችን ያስቀምጣል፤ መጀመሪያ የተደረገልንን በጎ ነገር ማወቅ፣ ቀጥሎ በቃል ማመስገን፣ በመጨረሻም በተገቢው ጊዜና ስፍራ እንደ ዐቅማችን መመለስ ነው። በዚህ ትምህርት ውስጥ ከሌላው ሰው ዕድል ጋር መመዛዘን የለም። የሚጠየቀው «ከማን በለጥሁ?» የሚለው አይደለም፤ «ምን ተሰጠኝ? በማን እጅ ተሰጠኝ?» የሚለው ነው። ለዚህ ጥያቄ ደግሞ የሂርና መንገድ መልስ አለው፤ ትከሻ፣ ሻሽ፣ ባጃጅ፣ በዝናብ ያደረ ሽማግሌ።

ይህን ወደ መረዳት ቀድማን የደረሰችው የወንድማችን ሚስት ናት። ከዘመዶቿ በየቀኑ የሚመጣላት ምግብ ለብዙ ሰው የሚበቃ ነበር፤ በአጠገቧ ላለችው እናት ግን አገሯ ሩቅ ስለ ነበር ምግብ የሚያመላልስ ሰው አልነበራትም። አንድ ማታ በደኅናው እጇ ሾርባውን ይዛ ወደዚያ አልጋ ተሻገረች፤ ያቺንም ሴት በማንኪያ ታጎርሳት ጀመር። ስለ እግዚአብሔር ፈቃድ አልተነጋገሩም። ሆስፒታሉን እስኪለቁ ድረስ እንዲሁ አደረጉ። ለጥያቄዋ መልስ ያገኘች አይመስለንም። ነገር ግን ከዚያ ማታ በኋላ «ተመስገን» ስትል ሰማናት፤ ያቺም እናት «አሜን» አለች።

ወንድማችን ወጪውን ሁሉ በአንድ ደብተር ይመዘግብ ነበር። ሚስቱ ከሆስፒታል ከወጣች በኋላ በደብተሩ በሌላኛው ገጽ ላይ በልጇ እጅ ሌላ ዝርዝር አስጻፈች፤ በገንዘብ ያልተከፈለባቸውን ነገሮች። ሻሹ ተጻፈ፤ የባጃጁ መንገድ ተጻፈ፤ የሽማግሌው ሌሊት ተጻፈ፤ ተራቸውን የለቀቁት የዕቁብተኞች ስም ተጻፈ። በዚያ ገጽ ላይ አንድም ቁጥር አልነበረም። ዕዳው በዚህ አልቀነሰም፤ የመጀመሪያው ገጽ ተከፍሎ እስኪያልቅ ሁለት ዓመት ፈጅቷል። ያም ሆኖ ያ ቤተ ሰብ ከዚያ በኋላ ራሱን ገንዘቡ እንደ ተዘረፈበት ሰው አልቆጠረም።

በኅዳር ወር ሁላችንም ወደ ሂርና ተመለስን። ያችን እናት ፈልገን አገኘናት፤ አዲስ ሻሽ፣ ስኳርና ቡና ይዘንላት ነበር። ሻሹን በደስታ ተቀበለች። ወንድማችን ገንዘብ ሲያወጣ ግን ፊቷ ተለወጠ። በኦሮምኛ የተናገረችውን ልጇ ሲተረጉምልን፣ «እንደምትመጡ ዐውቄ አይደለም ያደረግሁት፤ ከመጣችሁ ግን ሆጃ ጠጥታችሁ ሂዱ» አለች። ተቀምጠን ጠጣን፤ የልጅቱንም ግንባር ጠባሳ በጣቷ ዳሰሰችው።

ዕዳን ለመክፈል የሚጣደፍ ሰው አመስጋኝ ሳይሆን ባለዕዳ መሆንን የጠላ ሰው ነው ብሎ ሮማዊው ሴኔካ አስተምሮ ነበር፤ ቅዱስ ቶማስም ይህን ሐሳብ ተቀብሎታል። ወንድማችን በዚያች ቀን ይህን ተማረ። አማርኛችንም ቢሆን ያውቀዋል። ለተደረገልን ውለታ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ስንል፣ «እኔ ልከፍልህ አልችልም፤ እርሱ ስለ እኔ ይስጥህ» ማለታችን ነው። ዐቅም ማጣታችንን በማመን ውለታውን ወደማያልቅበት እናስተላልፈዋለን። ይህ ማለት ግን በደጁ ሳንደርስ በሩቅ እንተወው ማለት አይደለም። በወንጌል እንደምናነበው ከለምጽ ከነጹት ዐሥር ሰዎች የተመለሰው አንዱ ብቻ ነበር፤ እርሱም የሌላ ወገን ሰው ነበር። ዘጠኙ በልባቸው አላመሰገኑም አልተባለም፤ አልተመለሱም ነው የተባለው።

የቅዳሴያችን ዋና ጸሎት በግዕዝ «አኰቴተ ቁርባን» ይባላል፤ አኰቴት ማለት ምስጋና ነው። ጌታችን እንጀራውን አንሥቶ ያመሰገነው ከመከራ በተረፈበት ማግሥት ሳይሆን አልፎ በተሰጠባት ሌሊት ነው። ስለዚህ የክርስቲያን ምስጋና ሥሩ መትረፍ አይደለም። ያ ቢሆን ኖሮ ልጇን ያጣችው እናት በቅዳሴያችን ውስጥ ስፍራ ባልነበራት ነበር። የእርሷ ልጅ ለምን እንደ ቀረ ዛሬም አናውቅም፤ የምናውቀው ማዕዱ ለእርሷም እንደ ተዘረጋ ነው።

ውድ አንባብያን፤ በዚህ መንገድ ሁላችንም እንመላለሳለን። ከመነሣታችን በፊት ጎማውንና ፍሬኑን እንይ፤ ይህም የምስጋና ክፍል ነው፤ የተሰጠንን ሕይወትና የተሳፋሪውን ነፍስ ማክበር ነውና። ከአደጋ ከተረፍን የረዱንን ሰዎች ስም እንጠይቅ፤ በኋላም ቢሆን ተመልሰን ደጃቸውን እናንኳኳ። «ተመስገን» ስንልም በአጠገባችን ማን እንደ ተኛ እንመልከት፤ ሾርባውን ይዘን ወደዚያ እንሻገር።

እግዚአብሔር መንገደኞችን ሁሉ ይጠብቅልን፤ በመንገድ የቀሩትንም በምሕረቱ ያሳርፍልን፤ አሜን።